የአያቴ የመሣሪያ ቁም ሳጥን የምኒልክ ዘመን ነው? ቀለሙንስ ላስልጠው?

ጥያቄ፦ «አያቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ አናጢ ነበሩ። ሲያርፉ የመሣሪያ ቁም ሳጥናቸው ለእኔ ደረሰ። አሁን አዲስ አበባ እናቴ ቤት ነው ያለው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት መዝጊያ አለው፤ ውስጡ 9 መሳቢያ አለ። ውጭው ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። መሳቢያው ሲሳብ የእርሳስ ሽታ ይሸታል። በአንዱ መዝጊያ ውስጥ በኩል ሲ፣ ኤፍ፣ ኢ የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት አሉ። ጀርባው ኮምፔንሳቶ ነው። የታችኞቹን ሁለት መሳቢያዎች ነቀዝ በልቷቸዋል። ያየው ደላላ ‹የምኒልክ ዘመን ነው፤ ፈረንሳይ አገር ከኦክ የተሠራ ነው› አለን። የአክስቴ ልጅ በማሽን ልጦ ቨርኒሽ ልቀባው ይላል። ለነቀዙ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት የሚሉም አሉ። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ወደዚያ ልወስደው አስባለሁ። ፎቶዎቹን ልኬያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ ለአክስትዎ ልጅ ይደውሉና ማሽኑን ያስቀምጥ። ሌላው ሁሉ ይቆያል። ነቀዙ እንኳ አንድ ወር ቢታገሡት የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። በማሽን የተላጠ ገጽ ግን ተመልሶ አይመጣም። የዚህ ቁም ሳጥን ማንነት ደግሞ ያለው እዚያው ገጹ ላይ ነው።

ወደ ደላላው ልምጣ። ዕቃው ኦክ አይደለም። ኦክ የእርሳስ ሽታ የለውም። ያንን ሽታ የሚሰጠው ጽድ ነው። ድሮ እርሳስ ይሠራበት የነበረው የአሜሪካ ዛፍ የእኛ ጽድ ዘመድ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ጽድ ራሱም ለእርሳስ ሥራ ውጭ ይላክ ነበር። ስለዚህ አፍንጫዎ ልክ ነው። የመሳቢያዎቹ ጎኖች ቀላ ብለው፣ ጭረታቸው ቀጥ ብሎ ይታያል። ጽድ ናቸው።

የመዝጊያዎቹ ጣውላ ግን ሌላ ነው። ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ ቡናማ ሆኖ፣ ጥቃቅን ቀዳዳው በዓይን የሚለይ እንጨት ይታያል። ዋንዛ ነው ባይ ነኝ። ማረጋገጥ ከፈለጉ አንዱን መዝጊያ ከማጠፊያው ነቅለው ያንሱት። ዋንዛ ቀላል ነው። የዚያን ያህል ስፋት ያለው የኦክ መዝጊያ ክንድ ያደክም ነበር። ሌላም መለያ አለ። ኦክ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር ብዙ ስለሆነ፣ የብረት ምስማር በገባበት ዙሪያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር እድፍ ይሠራል። በእርስዎ ምስማሮች ዙሪያ ያለው ተራ ዝገት ብቻ ነው።

ሦስተኛው እንጨት ነቀዝ የበላው ነው። የታችኞቹ መሳቢያዎች ወለል ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ለስላሳ፣ ሽታ የሌለው ነው። ይህ የዝግባ ጠባይ ነው። ዝግባ ለሥራ የሚመች እንጨት ነው፤ ነቀዝን ግን አይችልም። ነቀዙ ወለሉን በልቶ ጎኑን የተወው ለዚህ ነው። ጽዱ አልጣመውም።

ጽድ፣ ዋንዛና ዝግባ አንድ ሳጥን ውስጥ ከተገናኙ ሥራው የአገር ቤት ነው። ፈረንሳይ ያለ አናጢ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ከየት ያመጣል? ድሬዳዋ ራሷ ቆላ ስለሆነች እንጨቱ ከደጋ የወረደ ነው። ልኩም አንድ ነገር ይናገራል። 120 በ80 ድፍን የሜትር ቁጥር ነው። በጫማና በኢንች የለመደ ሰው 4 ጫማ ብሎ ቢሠራው 122 ሳንቲ ሜትር ግድም ይወጣ ነበር። ሠሪው የሜትር ሰው ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሜትር የሚጠቀመው ፈረንሳዊው ብቻ አይደለም፣ ጣልያኑም ነው። ከሌላው ጋር ሲደመር ግን ክብደት አለው።

አሁን ወደ ዕድሜው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ዕቃ ዕድሜ የሚታወቀው ውስጡ ባለው በጣም አሮጌ ነገር አይደለም። ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረውት ካሉት ነገሮች መካከል አዲሱ ነው የሚወስነው። ሰው አሮጌ ቁልፍ አዲስ ሳጥን ላይ ይገጥማል። ገና ያልተፈጠረ ቁልፍ ግን ሊገጥም አይችልም።

ከፊደሎቹ እንጀምር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። የዚያን ጊዜው ኩባንያ ሌላ ስም ነበረው፤ ገንዘብ አጥሮት ወደቀ። ሲ፣ ኤፍ፣ ኢ ተብሎ የሚጻፈው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የመጣው ከ1908ቱ አዲስ ውል በኋላ ነው። መስመሩን በ1917 አዲስ አበባ ያደረሰው እሱ ነው። በ1981 ስሙ ተቀይሮ የጅቡቲ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት በ1913 ነው። እንግዲህ «የምኒልክ ዘመን» ለምትለው ወሬ የቀረችው የአምስት ዓመት ክፍተት ናት። ደላላው በዚያች ክፍተት ነው የገባው። ዋጋ የምታስጨምረው እሷ ስለሆነች አልፈርድበትም፤ እርስዎ ግን አይመኗት።

ፊደሎቹን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የሚናገሩት ስለ ባለቤቱ እንጂ ስለ ሠሪው አይደለም። ኩባንያው ገዝቶትም፣ አሠርቶትም፣ ከሌላ ወርሶትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በፎቶው ላይ ግራጫው ቀለም የመጨረሻዋን ፊደል ጫፍ ሸፍኗታል። ስለዚህ ፊደሎቹ ከግራጫው ይቀድማሉ። ግራጫውን ያየ ሰው «የመጀመሪያው ቀለም ነው» ቢልዎት ይህን ያሳዩት።

ከሁሉ የተሻለው ምስክር የመካከለኛው መሳቢያ ቁልፍ ነው። ያጎሉት ፎቶ ላይ ኤስ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ የሚሉ አራት ፊደላት ይነበባሉ። ይህ በፈረንሳይ የፈጠራ መብት በተሰጠው ዕቃ ላይ ይታተም የነበረ ምልክት ነው። «መንግሥት ስለ ጥራቱ ዋስ አይሆንም» እንደ ማለት ነው። በ1844 ሕግ መጣ፣ በ1968 ቀረ። ቁልፉ የተቀመጠበት ጉድጓድ በልኩ የተፈለፈለ ነው፤ ዙሪያውን ሌላ የብሎን ቀዳዳ የለም። ማለትም ከሳጥኑ ጋር አብሮ የኖረ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹ ሳጥኑ ሲሠራ የተጻፉ ከሆነ ሰፊው ወሰን ከ1908 እስከ 1968 ነው። ቁልፉ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ዘግይቶ ተገጥሞ ከሆነ የላይኛው ጫፍ በጥቂት ዓመታት ሊገፋ ይችላል።

የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። የግራው መዝጊያ የላይኛው ማጠፊያ ባለመስቀል ብሎን አለው። ይህ ዓይነት ብሎን ገበያ የገባው ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። የቀሩት ማጠፊያዎች ብሎኖች ግን ባለ አንድ ጭረት ናቸው። አንዱ ላልቶ ተቀይሯል፤ በቃ። ጀርባው ኮምፔንሳቶ መሆኑም እንዳያስደነግጥዎ። በጠርዙ ላይ ባዶ የቀሩ የድሮ የምስማር ቀዳዳዎች ተደርድረው ይታያሉ። መጀመሪያ በጣውላ ተዘግቶ ነበር፤ ኮምፔንሳቶው በኋላ መጣ። አይንቀሉት። ሳጥኑ እንዳይንጋደድ አሁን ይዞት ያለው እሱ ነው።

የመሳቢያዎቹ ማዕዘን ዶቭቴል የሚባለው፣ ጫፉ ሰፋ ብሎ ጥርስ በጥርስ የሚነካከሰው መጋጠሚያ ነው። ጥርሶቹ እኩል አይደሉም። ሠሪው በሹል ነገር ያሰመራት መስመርም አለች። በእጅ የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህ ጥሩ አናጢ እንደነበረ ይነግረናል፤ ዘመኑን ግን አይነግረንም። በመጋዝና በመሮ እንዲህ የሚያወጣ ሰው ዛሬም አለ። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ የተነጠፈው የአዲስ ዘመን ቁራጭም እንደዚሁ ነው። ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ቁራጩ ላይ ቀን ካገኙ የሚያውቁት መሳቢያው መቼ እንደተነጠፈ ነው። እሱንም አይንቀሉት።

ከዚህ በላይ ማጥበብ የሚችለው እንጨቱ ሳይሆን ሰው ነው። አያትዎ ሥራ የገቡበት ዓመት ከጡረታ ወረቀታቸው ይገኛል። ሲገቡ ሳጥኑ ነበረ ወይስ እሳቸው ሠሩት? እናትዎን ይጠይቁ። ድሬዳዋ ውስጥ በዕድሜ የገፉ የባቡር ጡረተኞች አሁንም ስላሉ ፎቶውን ያሳዩአቸው። እንዲህ ዓይነት ሳጥን በወርክሾፑ ውስጥ በርካታ ነበር ካሉ፣ ኩባንያው ለራሱ አናጢዎች ያሠራው ነው ማለት ነው። እኔ እስካሁን ባየሁት ፍርዴ ይህ ነው፦ በአገር እንጨት፣ እዚሁ በእጅ የተሠራ፣ የፈረንሳይ ቁልፍ የተገጠመለት የምድር ባቡር ሳጥን። የምኒልክ ዘመን የሚያሰኝ አንድም ማስረጃ የለም። እንዲያውም ፈረንሳይ አገር ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን እዚያው በየአሮጌ ዕቃ ገበያው ያገኙት ነበር።

ግራጫውን ቀለም ለምን አልላጥም ይሉ ይሆናል። አስቀያሚ ነው፤ ልክ ነው። ግን ተመልከቱት። በቀኙ መዝጊያ እጀታ አካባቢ ቀለሙ በእጅ ብዛት ተበልቶ እንጨቱ ድረስ ወርዷል። በታችኛው ጠርዝ ላይ የጫማ ምት አለ። ከፊደሎቹ ጋር እነዚህ ናቸው ሳጥኑን የአያትዎ ያደረጉት። ተልጦ ቨርኒሽ ሲቀባ ዋንዛው ቆንጆ ይሆናል፤ አልክድም። ግን ከማንኛውም የቤት ዕቃ መደብር ከሚገዛ ቁም ሳጥን በምን ይለያል? ለመሸጥ ቢያስቡም ያው ነው። ዕቃ የሚያውቅ ገዢ የተላጠውን ይሸሻል።

ከዚህ የበለጠ ምክንያት ደግሞ አለ። የዚያ ዘመን የዘይት ቀለም እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የሚባለው ብረት፣ ሊኖርበት ይችላል። አገራችን ቀለም ውስጥ የሚገባውን ሊድ በደንብ የገደበችው ገና በ2018 ነው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም ሁሉ ሊድ አለበት ብሎ መነሣት ይሻላል። ሳይነካ ከቆየ ብዙም አይጎዳም። በደረቁ ሲፈተግ ግን አቧራው ቤቱን ይሞላል። ሕፃናትን አእምሮ ላይ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። በእሳት ማሞቅም መፍትሔ አይደለም፤ ጭሱ ያው መርዝ ነው። እናትዎ ቤት የልጅ ልጆች ካሉ ማሽን እዚያ ግቢ አይነሣ።

ውጭው የሚያስፈልገው ጽዳት ብቻ ነው። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያውርዱ። የሚበሩ ቅርፊቶች ካሉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ጨርቁን ደረቅ ሳይሆን ረጠብ ያድርጉት። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርገው፣ ጨርቁን አጥብቀው ጨምቀው፣ በትንሽ በትንሹ ይጥረጉ። ውኃ እንጨቱ ላይ አይቁም። የሞተር ቅባትና የእጅ ስብ የማይለቅ ከሆነ በአኳራጅ፣ ማለትም በዘይት ቀለም ማቅጠኛው፣ ይሞክሩ። መስኮት ይከፈት፣ ምድጃ አይኑር። ቲነር ግን አይንኩ። ቲነር ቀለሙን ያነሣዋል፤ ፊደሎቹንም በአንድ ጥረጋ ሊወስድ ይችላል። የትኛውንም ነገር መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ማለትም በታችኛው ጠርዝ ሥር ይሞክሩ። ሲጨርሱ ስስ የንብ ሰም ይቀቡና በጨርቅ ይወልውሉት። ሰሙ የላላውን ቅርፊት በመጠኑ ይይዛል፤ ቀለሙም ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ሰሙን ራስዎ ማዘጋጀት ይችላሉ። አንድ እጅ የንብ ሰም፣ ሦስት እጅ አኳራጅ። ሰሙን የሚያቀልጡት በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ነው እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይደለም። አኳራጁን የሚጨምሩት እሳቱ ጠፍቶ፣ ከምድጃው ርቀው ነው። ይህን የምለው ኩሽና የተቃጠለበትን ሰው ስለማውቅ ነው።

የውስጡ ነገር ይለያል። እዚያ ያለው ጥቁር-ቡናማ ሽፋን ጎማላካ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟው የድሮ የእንጨት ማስዋቢያ፣ ይመስለኛል። ማወቂያው ቀላል ነው። በጥጥ ጫፍ አልኮል ነክረው በድብቅ ቦታ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙት። ቢለሰልስና ቢጣበቅ ጎማላካ ነው። አልኮል ካልነካውና ቲነር ካሟሟው ናይትሮ የሚባለው ፋብሪካ ሠራሽ ቨርኒሽ ነው። ሁለቱም ካላሟሙት የዘይት ቨርኒሽ ወይም አዲስ ዓይነት ሽፋን ነው። ፊደሎቹ አጠገብ ግን አይሞክሩ፤ ጎማላካው ከለሰለሰ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል።

ጎማላካ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ምክንያቱም አዲሱ ጎማላካ ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል፤ መላጥ የለም። በ1 ሊትር አልኮል ከ120 እስከ 150 ግራም የጎማላካ ቅርፊት ጨምረው ያሳድሩት፣ ያጥልሉት፣ በለስላሳ ጨርቅ በስሱ ይቀቡ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው። ፊደሎቹ ያሉበትን መዝጊያ ግን አይቀቡ፤ በሰም ብቻ ይለፉት። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ለዚህ አይሆንም። ውስጡ ያለው ውኃ ሽፋኑን ነጭ ያደርገዋል። 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ያስፈልጋል። አረቄም አይሆንም፤ ከዚህ በፊት የጠየቀኝ ስላለ ነው የምጽፈው።

የተልባ ዘይት ቀቡት የሚልዎትም አይጠፋም። አይቅቡ። የተልባ ዘይት ጎማላካ ላይ አይገባም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ እስኪደርቅም አቧራ ይሰበስባል። ዋናው ግን የእሳት ነገር ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል። የተነከረ ጨርቅ ተጨባብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል። ለሌላ ሥራ እንኳ ቢጠቀሙበት ጨርቁን ዘርግተው ውጭ ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ነቀዙ። የተቃጠለ ዘይት ለአጥር ችካል ይሁን፤ ለዚህ አይሆንም። ዘይቱ ላይ ላዩን ያጠቁራል እንጂ ውስጥ ያለው ትል ጋ አይደርስም። እንጨቱ ከዚያ በኋላ ኮላም ቀለምም አይቀበልም። የሞተር ዘይት ውስጥ ያለው ቆሻሻም ቤት ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ላምባም ቢሆን ሽታውና እሳቱ ይተርፍዎታል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ነቀዙ አለ ወይ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚያየው ከዓመታት በፊት የወጣ ነቀዝ ቀዳዳ ነው። መሳቢያዎቹን ያውጡ፣ ዱቄቱን በብሩሽ ጠርገው ያንሱ፣ ከሥራቸው ጥቁር ወረቀት ያንጥፉና ለጥቂት ሳምንት አይንኳቸው። አዲስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ከቀዳዳው ሥር ከተቆለለ ነቀዙ በሕይወት አለ። ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ሞቷል ወይም ሄዷል። ሳጥኑን ካንቀሳቀሱ በኋላ ወዲያው የሚረግፈው ዱቄት አያሳስትዎ፤ እሱ የድሮ ነው።

ካለ፣ ሁለቱ መሳቢያዎች ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ይገባሉ። በወፍራም ፕላስቲክ አየር እንዳይገባ አድርገው ያሽጓቸው። ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ሲወጡ ፕላስቲኩን ቶሎ አይፍቱ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ያለዚያ እርጥበት እንጨቱ ላይ ያልበዋል። መድኃኒት ያስፈልጋል ካሉ ቦሮን ያለበትን ይምረጡ፤ የሚሠራውም ባልተቀባ እንጨት ላይ ብቻ ነው። የመሳቢያዎቹ ወለል ስላልተቀባ ይስማማዋል።

የአንደኛው መሳቢያ ወለል ግን በጣት ሲጫኑት ይገባል ብለው በፎቶው ሥር ጽፈዋል። ያ መቀየር አለበት። እዚህ ላይ የእንጨት ሱቅ ሄደው ዝግባ አይጠይቁ። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ጽድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ ነበሩ፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ተተክቷል። ደግሞም አዲስ የተሰነጠቀ እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ይኮማተርብዎታል። ከተሰበረ አሮጌ አልጋ ወይም ጠረጴዛ የወጣ ጣውላ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። አናጢው ወለሉን በኮላ እንዳይለጥፈው አደራ ይበሉት። ጣውላው በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። በቦዩ ውስጥ ልቅ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ከተለጠፈ ይሰነጠቃል። የወጣውን አሮጌ ወለል አይጣሉ፤ ነቀዙ ከሞተ በኋላ ጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ።

መገጣጠሚያዎች ላልተው ከሆነ የድሮው ሙጫ ከቆዳ ወይም ከአጥንት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቡናማ መስተዋት መስሎ የሚሰባበር ነው፤ ሙቅ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል። እሱን በሙቅ ጨርቅ አለስልሶ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። ነጩ ኮላ በአሮጌው ሙጫ ላይ ቢፈስ አይይዝም፤ ወደፊት የሚጠግን ሰውም ሊያላቅቀው አይችልም። የሚከብዱ መሳቢያዎችን ደግሞ መላጊያ አያስነኩ። በሚንሸራተቱበት ጠርዝ ላይ ሻማ ቢያሹበት ይበቃል።

ወደ አሜሪካ መውሰዱ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ አሁን አይውሰዱት። አንደኛ፣ ነቀዙ ሳይረጋገጥ የድንበር ተቆጣጣሪ ካገኘው ተመላሽ ወይም ተቃጣይ ነው። ሁለተኛ፣ አሮጌ ዕቃ ከአገር ሲወጣ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ቅርስ አይደለም ተብሎ ቢታለፍ እንኳ ያ ወረቀት ኤርፖርት ላይ ያስፈልግዎታል። በላዩ የድርጅት ፊደል ስላለበት ደግሞ አያትዎ በስጦታ ወይም በግዢ እንዳገኙት የሚያሳይ ነገር ካለ ይፈልጉ። ሦስተኛ፣ የሜሪላንድ ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወራት። ማሞቂያ የሚነፍስበት ቤት አየሩ እጅግ ይደርቃል። ለዓመታት የአዲስ አበባን አየር የለመደ የዋንዛ ጣውላ እዚያ በአንድ ክረምት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከወሰዱት ከማሞቂያው ይራቅ፤ የክፍሉን እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚጠብቅ መሣሪያም ያስፈልገዋል። የሚታሸግበት የእንጨት ሣጥን በዓለም አቀፍ ደንብ በሙቀት ታክሞ ማኅተም የተመታበት መሆን አለበት። ላኪው ይህን ካላወቀ ሌላ ላኪ ይፈልጉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ምንም ከመንካትዎ በፊት ሁሉንም ጎን፣ እያንዳንዱን መሳቢያ ከላይም ከሥርም ፎቶ ያንሱ። ከዚያ የነቀዙ ፍተሻ፣ ቀጥሎ ጽዳት፣ ቀጥሎ የአንዷ ወለል ቅያሬ፣ መጨረሻ ላይ ሰሙና ጎማላካው። ለአናጢ የሚከፍሉት ለወለሏና ለመገጣጠሚያዎቹ ብቻ ነው። ሌላውን የአክስትዎ ልጅ ይሥራው። ጉልበት ካለው ለዚህ ይበቃዋል።

ውስጡ የቀሩት መሣሪያዎች ከሳጥኑ አይለዩ። በመጋዙ ላይ የሚታየው አንበሳ የፔዦ ምልክት ነው። ፔዦ መኪና ከመሥራቱ በፊት መጋዝ ይሠራ ነበር፤ አንበሳውንም ያስመዘገበው በ1858 ነው። ምልክቱ ረጅም ዘመን ስላገለገለ የሳጥኑን ዕድሜ ለማወቅ አይረዳም። ዝገቱን በዘይት በተነከረ ቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ ብለው ያንሱት። ሞላ፣ ማለትም የሚሽከረከረውን መሳያ፣ አያስነኩት። አንበሳው የታተመበትን ቦታ ደግሞ ጨርሶ አይፈትጉ።